በመዝገቤ ላይ ዜሮ ያልኩት ሥራ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር)



በጓሳ የእግር መንገድ ላይ ስለሠራነው የበጎ ፈቃድ ጥገና እንድናገር ሊቀመንበራችን ስታዘኝ፣ «ቁጥሩን የምታውቂው አንቺ ነሽ» አለችኝ። እውነት ነው፣ እኔ በአካውንቲንግ ዲፕሎማ የተመረቅሁ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስንት ዶማ እንደተገዛ፣ ስንት አካፋ እንደተሰበረ፣ ለሻይና ለዳቦ ስንት እንደወጣ በደረሰኝ አስደግፌ ማቅረብ እችላለሁ። እሱን በሪፖርቱ ላይ ታገኙታላችሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ግን በመዝገቤ ላይ በስህተት ስለጻፍሁት አንድ ዜሮ ነው። ወደሱ ከመድረሴ በፊት ግን ቦታውን ለማያውቁት እንግዶቻችን ስለ ጓሳ ትንሽ ልበል።

ጓሳ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በመንዝ ጌራ ምድር፣ ከመሐል ሜዳ ከተማችን በላይ የሚገኝ ደጋ ነው። ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ ሣር የጎጆ ክዳን ነው፤ ገመድ ነው፤ እረኛ ከዝናብ የሚጠለልበት ጌሳ ነው፤ መጥረጊያም ነው። እኔ ያደግሁት በጓሳ ሣር በተከደነ ቤት ውስጥ ነው። ዛሬ ከተማው በቆርቆሮ ተሸፍኗል፤ ግን አያቴ «ቆርቆሮ ዝናብ ይጮኽበታል፣ ጓሳ ግን ያስተኛል» ትል የነበረው አሁንም ትዝ ይለኛል።

ከሣሩ መካከል ጅባራው ቆሞ ይታያል። ጠዋት ጠዋት ጭላዳዎች ካደሩበት ገደል ወጥተው በሜዳው ላይ ተቀምጠው ሣር ይግጣሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። ቀይ ቀበሮም እንዲሁ። ያውም የቀይ ቀበሮ ቁጥር በመላው አገራችን 500 ገደማ ብቻ እንደሆነ ነው የሚነገረው። ጓሳ ከቀሩት ጥቂት መኖሪያዎቹ አንዱ ነው። ከደጋው የሚነሣው ውሃ በአንድ ወገን ወደ አዋሽ፣ በሌላው ወገን ወደ ዓባይ ይወርዳል። ይህን ለማየት ነው ከአገር ውስጥም ከውጭም ሰው የሚመጣው። በኅብረተሰቡ ሎጅ ያድራል፣ ወይም ድንኳን ይተክላል፤ ከዚያ በእግሩ ይሄዳል። በጓሳ ውስጥ እንግዳ የሚደሰተው በእግሩ ሲሄድ ነው። ስለዚህ የእግር መንገዱ ከተበላሸ እንግዳው የመጣበት ነገር ይጎድልበታል።

እንግዲህ እኛ የጠገንነው ከዚህ መንገድ አንዱን ክፍል ነው። ከሜዳው ተነሥቶ ወደ ገደሉ አፋፍ የሚወጣውን። አፋፉ ላይ ሲቆሙ ወደ ምሥራቅ ቆላው ሁሉ ከእግር በታች ይዘረጋል። አንዳንዶቻችሁ እዚህ ቁጭ ብላችሁ ተራራውን ዕድሜ ልካችሁን ያያችሁ፣ እዚያ አፋፍ ላይ ግን አንድም ቀን ያልቆማችሁ እንደነበራችሁ አውቃለሁ። እኔም አንዷ ነበርሁ። ወደ ጓሳ የምንወጣው ለሣር፣ ለማገዶ ወይም ለከብት ነበር እንጂ ለማየት አልነበረም።

መንገድ የሚያበላሸው እግር ይመስለኝ ነበር። ሥራውን ስንጀምር አብረውን የወጡ አንድ አዛውንት ገበሬ፣ በእርከን ሥራ የከረሙ፣ ነገሩን ገልጠው አሳዩን። እግር ሣሩን ያሳሳዋል፣ ያ የሳሳው መስመር ቦይ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚያበላሸው ውሃ ነው። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ያንን መስመር ይዞ ይወርዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሌሊት ውርጭ አፈሩን ያነሣዋል፣ ቀን ፀሐይ ያፈርሰዋል። በሚቀጥለው ዝናብ ያ የፈረሰው አፈር ይጠረጋል። እንዲህ እያለ መንገዱ ጉልበት ድረስ የሚደርስ ፈረፈር ይሆናል።

ከዚያ የሚመጣው የባሰ ነው። መንገዱ ጭቃና ጉድጓድ ሲሆን ሰው በጎኑ ይሄዳል። ጎኑም ሲጨቀይ በጎኑ ጎን። በቅሎውም በግም እንዲሁ። እኛ ስንደርስ በአንድ ቦታ ላይ 5 መንገድ ተዘርግቶ አገኘን፤ ሁሉም የሚወስደው ወደ አንድ ቦታ ነው። በ5ቱ መንገድ መካከል የነበረው ጓሳ ሣር አልቋል። ሣሩ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖረው አይጥና ፍልፈል ነው፣ ቀይ ቀበሮ የሚበላውም እሱኑ ነው። ስለዚህ የእግር መንገድ መጠገን ለእንግዳ ጫማ መጨነቅ ብቻ አይደለም። ሰው ሁሉ በአንድ መስመር እንዲሄድና ሌላው ሜዳ እንዲያርፍ ማድረግ ነው።

ሥራው ራሱ ከባድ ቢሆንም ረቂቅ አይደለም። የጎርፍ መቀልበሻ እንሠራለን። ድንጋይ መንገዱን አቋርጦ በሰያፍ ይቀበራል፤ ቀጥ ብሎ ከተሠራ ውሃው ከኋላው ይቋጠርና ይገነድሰዋል። ሰያፍ ከሆነ ግን ውሃውን ወደ ጎን ያወጣዋል። ውሃው የሚወጣበትም ቦታ ሣር ያለበት መሆን አለበት፤ አለዚያ ሌላ ፈረፈር ከፍተን ነው የምንመጣው። ቁልቁለቱ በበዛበት ቦታ የድንጋይ ደረጃ እናስገባለን። የተጨመሩትን 4 መንገዶች ድንጋይና ቁጥቋጦ አጋድመን እንዘጋቸዋለን። ጉም ሲወርድ ሰው እንዳይጠፋ ደግሞ በየርቀቱ ድንጋይ እንከምራለን። ድንጋዩን የምንሸከመው በባሬላ ነው፤ ሁለት ሆነን። ሥራው ሁሉ ይኸው ነው።

ይህን ስናደርግ ግን ከእናንተው 2 ጥያቄዎች ተነሥተዋል። ሁለቱም ተገቢ ስለሆኑ እዚህ በጉባኤው ፊት ላነሣቸው እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው «ለፈረንጅ መሄጃ ከምንደክም የራሳችንን የውሃ መንገድ ለምን አንሠራም?» የሚል ነው። ይህን ያለችው እህታችን ከምንጭ ጀሪካን ተሸክማ ስትመለስ በዚያ ቁልቁለት ወድቃ እጇ የተሰበረ ናት። ምን ብዬ ልመልስላት? የጓሳው መንገድ ሲጠገን ከሚገኘው የእንግዳ ገቢ ለማኅበራችን በቀጥታ የሚገባ ገንዘብ የለም። አንዳንዶቻችን በቅሎ በማከራየት፣ አንዳንዶቻችን ከበግ ጸጉር የሠራነውን ቆብ በመሸጥ እንጠቀማለን፤ እሷ ግን በቅሎም የላት፣ ቆብም አትሠራ። ስለዚህ በጉዳዩ ተወያየንና አንድ ስምምነት ላይ ደረስን። ጓሳ ላይ አንድ ቀን ከሠራን፣ በምንጩ መንገድ ላይም አንድ ቀን እንሠራለን። ጓሳ ላይ የተማርነውን የጎርፍ መቀልበሻ ወደ ምንጩ በሚወርደው መንገድ ላይ በ3 ቦታ ቀበርነው። ባለፈው ክረምት ውሃው ወደ ጎን ወጥቷል። ያቺ እህታችን ዘንድሮ ጓሳም አብራን ወጣች።

ሁለተኛው ጥያቄ «እንግዳ በሌለበት ለማን ነው የምንጠግነው?» የሚል ነው። መጀመሪያ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ። ቀጥሎ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ደረሰ። ከዚያም በኋላ በክልላችን ያለው የጸጥታ ችግር ሰው እንደ ልቡ እንዳይመጣ አድርጓል። አንድም እንግዳ ሳናይ የምናልፋቸው ሳምንታት አሉ። ታዲያ ለምን?

ለዚህ መልስ የሰጠኝ የጓሳ ታሪክ ራሱ ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይህ ደጋ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው መሬቱን ያቀኑት አባቶች አስቦና ጌራ ናቸው፤ የመጠቀም መብቱም አጽመ ርስት ሆኖ ለዘሮቻቸው ወረደ። ሕዝቡ የመረጣቸው አለቆች ሜዳውን ለዓመታት ይዘጉት ነበር። አጭድ፣ ማገዶ ልቁረጥ፣ ላግጥ ማለት ክልክል ነው። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፣ ሁሉም ይጠቀማል፣ ከዝናቡ በፊት እንደገና ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ አጽመ ርስቱ ቀረ፣ ቄሮውም አብሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ ጓሳ ምን ያህል እንደተጎዳ ትልልቆቹ እናቶቻችን ይነግሩናል። በኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ ኮሚቴ መርጦ፣ ደንብ አውጥቶ እንደገና መጠበቅ ጀመረ። በ1996 ዓ.ም. ጓሳ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል የሚሰጠውን የኢኳቶር ሽልማት አገኘ። የአማራ ክልል መንግሥትም በሕግ የኅብረተሰብ ጥበቃ አካባቢ አድርጎ አወቀው።

ከዚህ የተማርሁት ምንድን ነው? እነዚያ አባቶች ሜዳውን ሲዘጉት፣ በተዘጋባቸው ዓመታት ማንም አይጠቀምም ነበር። ሥራው ግን የሚሠራው ያኔ ነበር። ሣሩ የሚያድገው በተዘጋበት ጊዜ ነው። የእኛም መንገድ እንደዚያው ነው። እንግዳ በሌለበት ዓመትም ዝናቡ ይዘንባል። ቦዩ ካልተጠረገ በሁለት ክረምት ይደፈናል፤ እንግዳው የመጣ ዕለት የሚያገኘው እንደገና ያንኑ ፈረፈር ነው። ደግሞም እናንተ ራሳችሁ ወጥታችሁ አፋፉን አይታችኋል። እንግዳ ማለት እኛም ነን።

አሁን ወደ ዜሮዬ ልምጣ።

በመጀመሪያው ዓመት 4 የሥራ ቀን ነበረን። ስም መጥሪያ ይዤ ቆሜ እመዘግብ ነበር። በመጀመሪያው ቀን 24፣ በሁለተኛው 24፣ በሦስተኛው 22፣ በአራተኛው 19 ሴቶች ተገኙ። ድምር 89 የሥራ ቀን። ሪፖርቱን ለደጋፊዎቻችን ሳዘጋጅ በወጪ ዓምድ ሥር ዶማ፣ አካፋ፣ ባሬላ፣ ሻይና ዳቦ ጻፍሁ። «የጉልበት ወጪ» ከሚለው ፊት ለፊት ግን ዜሮ አደረግሁ፣ በቅንፍም «በነፃ» ብዬ ጨመርሁበት። ደስም ብሎኝ ነበር። ብዙ ሥራ በትንሽ ገንዘብ ማሳየት ለሒሳብ ሠራተኛ ኩራት ነው።

ሪፖርቱን በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ሳነብ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። በደንብ የምታውቋቸው ናቸው፣ ስማቸውን ግን እንዳልጠራ አስጠንቅቀውኛል። «ልጄ፣ ያንን ነፃ ያልሽውን እስቲ ድገሚልኝ» አሉ። ደገምሁላቸው። «የማን ነው ነፃው?» አሉኝ። «የእናንተ የበጎ ፈቃድ ጉልበት ነው እማማ» አልኋቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያው ቤቴን የጠበቀችልኝን ልጅም ጻፊያት» አሉ።

ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። ቤት ገብቼ ሳስበው ነው የገባኝ። በማግስቱ የስም መጥሪያዬን ይዤ በየቤቱ ሄድሁ። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናንተ ጓሳ በወጣችሁ ቀን ቤታችሁን ማን ያዘው? ከ24ቱ 9ኙ ሕፃኑንም ጎጆውንም ለሴት ልጃቸው ትተው ነበር የወጡት። ከ9ኙ ልጆች 5ቱ ተማሪዎች ናቸው። ያን ቀን ትምህርት ቤት አልሄዱም።

ለምን የትምህርት ቀን ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ መልሱ የእኛው የቀን መቁጠሪያ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ነው፤ አፈር አንቆፍርም። በ12 ሚካኤል ነው፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ። የገበያ ቀንም አለ። እኔ ቀኑን ስቆርጥ በዓሉን ሁሉ አክብሬ፣ ገበያውን ትቼ፣ ማንም እንዳይቀየም ተጠንቅቄ ነበር። የቀረው ቀን ልጆች ትምህርት የሚሄዱበት ቀን ነበር። የሁሉንም በዓል ሳስብ የልጆቹን ትምህርት አላሰብሁም።

በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን የቀሩትንም ጠየቅሁ። በመዝገቤ ላይ «ቀሪ» ብዬ አልፌያቸው ነበር። አንዷ እሳቸው ያሉትን ቀድማ ገብቷት ነው የቀረችው፤ «ልጄን ከትምህርት አስቀርቼ ድንጋይ መደርደር አላምር አለኝ» አለችኝ። ለማኅበሩ ሰነፍ የመሰለችኝ ሴት ከእኔ ይልቅ ሒሳቡን አውቃው ነበር።

እህቶቼ፣ ለእኛ ተባብሮ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። በወንፈል ዛሬ እኔ ለአንቺ ባጭድ ነገ አንቺ ታጭጂልኛለሽ። ደቦም ቢሆን እንጀራና ጠላ የሚያቀርብ ባለቤት አለው። ድካሙ ወዴት እንደሄደና በምን እንደሚመለስ ሁሉም ያውቀዋል። የጓሳ መንገድ ግን ጠላ የሚጠምቅለት ባለቤት የለውም። የሁሉም ነው። የሁሉም በሆነ ነገር ላይ ደግሞ የሚወጣው ጉልበት ካልተጻፈ ከቶ የወጣ አይመስልም። እየዋለ ሲያድር እንደ ግዴታ ይቆጠራል፤ የሚወድቀውም እምቢ ማለት በማይችለው ትከሻ ላይ ነው። በእኛ ቤት እምቢ ማለት የማትችለው የ12 ዓመቷ ልጅ ነበረች።

ሌሎች አገሮች እንዴት እንደሚያደርጉት አነበብሁ። በአሜሪካ አፓላችያን የሚባል ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የእግር መንገድ አለ። በ1937 እ.ኤ.አ. ከጫፍ እስከ ጫፍ ተገናኘ፤ እስከ ዛሬም የሚጠግኑት በብዛት በየአካባቢው ያሉ የበጎ ፈቃደኞች ክለቦች ናቸው። እያንዳንዱ ክለብ የራሱ የመንገድ ድርሻ አለው። የሠሩትን ሰዓት ይመዘግባሉ፤ ድምሩም በየዓመቱ ይነገራል። ማንም በዚያ ሰዓት አይከፈለውም። መመዝገቡ ግን ሥራው ሥራ መሆኑን ይመሰክራል። እዚያ በአብዛኛው የሚወጣው ሰው በዕረፍት ቀኑ ይወጣል። የእኛ ችግር ደግሞ የእኛ ስለሆነ መፍትሔውን እዚሁ መፈለግ ነበረብን።

ስለዚህ የሥራ አመራር ኮሚቴው ተወያይቶ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የሚከተለውን እየሠራንበት እንገኛለን። ጉባኤው ዛሬ በደንባችን ውስጥ እንዲያስገባው እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ የጓሳ ሥራ የሚሠራው ትምህርት በሚዘጋበት ጊዜ ብቻ ይሁን። አንዱ ጊዜ በጥርና በየካቲት መካከል ያለው የግማሽ ዓመት ዕረፍት ነው። ሌላው የዓመቱ ፈተና ካለቀ በኋላ ነው። ይህን ስንወስን ያሰብነው ለልጆቹ ነበር፤ አዛውንቱ ገበሬ ግን ሰምተው ሳቁ። የመጀመሪያው ከበልግ ዝናብ በፊት፣ ሁለተኛው ከክረምቱ በፊት ነው። ቦይ መጠረግ ያለበትም በዚያው ጊዜ ነው። ለልጆቻችን የሚሻለው ቀን ለመንገዱም የሚሻለው ቀን ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛ፣ በየሥራው ቀን 3 አባላት ጓሳ አይወጡም። በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የሁላችንንም ሕፃናት ይዘው ይውላሉ። እነዚህ 3 ሴቶች በስም መጥሪያው ላይ ድንጋይ እንደተሸከሙት እኩል ይመዘገባሉ። ተራው ለሁሉም ይደርሳል። እኔም ባለፈው ጊዜ ውዬበታለሁ፤ ባሬላው ይሻለኛል።

ሦስተኛ፣ ባሎቻችንና ወንድሞቻችንም ይምጡ። የጓሳ ታሪክ ሲነገር የምንሰማው የአባቶችን ስም ነው፤ ሣሩን ተሸክመው ቁልቁል ያወረዱትን እናቶች ማንም አልጻፋቸውም። አሁን ደግሞ መንገዱን የሴቶች ሥራ ብቻ አድርገን ሌላ ስህተት መድገም የለብንም። ባለፈው ጊዜ 7 ወንዶች መጥተዋል። ትልልቁን ድንጋይ እነሱ ፈነቀሉት።

አራተኛ፣ ጉልበት በመዝገባችን ላይ ከእንግዲህ ዜሮ አይባልም። «የዓይነት መዋጮ» በሚል ዓምድ፣ በከተማችን ባለው የቀን ሠራተኛ ዋጋ ተሰልቶ ይገባል። የመጀመሪያውን ዓመት 89 የሥራ ቀን እንደገና አስልቼዋለሁ። በዚያ ዓመት ለመሣሪያ ካወጣነው ገንዘብ በልጦ ተገኘ። ለጓሳ መንገድ ከሰጡት ሁሉ ትልቁን የሰጡት እነዚህ ሴቶች ናቸው ማለት ነው። ሪፖርቴ ግን ምንም እንዳልሰጡ አድርጎ አቅርቧቸው ነበር። ስለዚህ ጉባኤውን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ስላደረጋችሁልን ሁሉ እናመሰግናለን። ገልባጭ መኪና የሚወጣበት መንገድ እንዲሠራልን አንጠይቃችሁም፤ ለጓሳም አይበጀውም። ባነርና ቲሸርትም አንፈልግም። የሚያስፈልገን ጓንት፣ ጥሩ መዶሻ፣ 2 ተጨማሪ ባሬላ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን፣ ለሕፃናት ማቆያው ምንጣፍና ወተት ነው። ዝርዝሩን ከነዋጋው አያይዤዋለሁ። ደግሞም በቅጻችሁ ላይ «የበጎ ፈቃደኞች ብዛት» የሚል ሣጥን አይቻለሁ። ከጎኑ አንድ ሣጥን ጨምሩልን፤ «በዚያ ቀን ቤቱን ማን ያዘው?» የሚል። ለእኛ ብቻ ሳይሆን እንደ እኛ ላሉት ማኅበራት ሁሉ ይጠቅማል።

ከመጨረሴ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው የግማሽ ዓመት ዕረፍት፣ ከሥራው በኋላ፣ እነዚያ ከትምህርት የቀሩት 5 ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር በጠገንነው መንገድ ወደ አፋፉ ወጡ። ሥራ አልሰጠናቸውም፤ እንዲያዩ ብቻ ነበር። ጭላዳዎቹ ከመንገዱ ዳር ተቀምጠው ይግጡ ነበር፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩንም። ከልጆቹ አንዷ የጎርፍ መቀልበሻው ድንጋይ ላይ ቆማ «ይሄን እናቴ ናት የቀበረችው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ» አልኋት። «አንቺ ደግሞ ያን ቀን ወንድምሽን ይዘሽላታል።» ስሟንም በመዝገቤ ላይ እንዳሰፈርሁት ነገርኋት። ብላ ብላ የጠየቀችኝ ምን መሰላችሁ? «ስንት ብር ይላል?»

የሒሳብ ሠራተኛ ትወጣታለች ብዬ አስባለሁ።

ውድ እናቶቼና እህቶቼ፣ የሚቀጥለው የሥራ ቀን ትምህርት እንደተዘጋ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ይለጠፋል። ጌሳም ሆነ ካፖርት ይዛችሁ ኑ፤ ብርዱን ታውቁታላችሁ። አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ እንግዳውም በሰላም የሚመጣበት ቀን ይቅረብልን።